ከኃይለኛዋ ልጅ በኋላ፦ ስለ ጁን ጂ-ህዩን ለጠየቃችሁን

ስለ ደቡብ ኮሪያዊቷ ተዋናይት ጁን ጂ-ህዩን ከጻፋችሁልን መካከል ተደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች መርጠን እነሆ መልሰናል። የፊልሞቹንና የድራማዎቹን ርእስ ብዙ ሰው በሚያውቀው የእንግሊዝኛ አጠራር ጽፈናል፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ጋ ጁን፣ ሌላው ጋ ጄዮን፣ ሌላው ጋ ደግሞ ጂያና ጁን ተብላ ትጻፋለች። ዕድሜዋም ከቦታ ቦታ በአንድና በሁለት ዓመት ይለያያል። የምናነበው ስለ አንድ ሰው ነው?

መልስ፦ አዎ፣ አንድ ሰው ናት። በኮሪያ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ «ጁን» የቤተሰብ ስም ነው፣ «ጂ-ህዩን» የራሷ መጠሪያ። ይሁንና «ጁን» ለሙያው የያዘችው ስም እንጂ የትውልድ ስሟ አይደለም። ኦክቶበር 30 ቀን 1981 ሴኡል ውስጥ ስትወለድ ዋንግ ጂ-ህዩን ነበረች። «ጂያና» የሚለውን ደግሞ በ2009 በእንግሊዝኛ በሠራችው ፊልም ሰሞን ለውጭ አገር ገበያ ተጠቀመችበት።

የአጻጻፉ ልዩነት ከላቲን ፊደል የመጣ ነው። የኮሪያኛው አናባቢ በላቲን አቻ ስለሌለው አንዱ በ«ዩ» ይጽፈዋል፣ ሌላው «ኢ»ን እና «ኦ»ን አጣምሮ። እኛ ግን «ጀ» የምትባል ፊደል አለችን። «ጀን ጂ-ህየን» ብሎ ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ ከብዙ የእንግሊዝኛ ዜና አንባቢ ይልቅ ወደ ኮሪያውያኑ ድምፅ ይቀርባል። እዚህ «ጁን» ያልነው አንባቢ የለመደው እሱን ስለሆነ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል መረጃ ሲፈልጉ በሁለቱም አጻጻፍ ይሞክሩ፤ በአንዱ ብቻ ከፈለጉ ብዙ ያመልጥዎታል። «ጂ-ህዩን» ለሴትም ለወንድም የሚወጣ፣ በጣም የተለመደ ስም ስለሆነ የቤተሰብ ስሙን ሳያዩ የማንንም መረጃ የእሷ ነው ብለው አይቀበሉ።

ወደ ዕድሜው ስንመጣ፣ በቀድሞው የኮሪያ አቆጣጠር ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመት ይባላል፤ በየአዲስ ዓመቱ መግቢያም የልደት ቀኑ ሳይጠበቅ አንድ ይጨመርለታል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ላይ ጁን በእኛ ቆጠራ 38፣ በእነሱ 40 ነበረች። አገሪቱ ከጁን ወር 28 ቀን 2023 ጀምሮ በሕግና በቢሮ ጉዳይ ሌላው ዓለም በሚቆጥርበት መንገድ ትጠቀማለች። የቆየ ጽሑፍ ላይ የሚያዩት ዕድሜ ግን በድሮው የተቆጠረ ሊሆን ስለሚችል ከልደት ቀኑ ተነሥቶ ራስ ማስላቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በአንድ የማስታወቂያ ዳንስ ታዋቂ ሆነች ይባላል። እውነት ነው? ትወናስ ተምራለች?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። በ1997 ገና ተማሪ ሳለች በመጽሔት ሞዴልነት ጀመረች፤ በ1998 በኤስቢኤስ ቴሌቪዥን ድራማ፣ በ1999 «ዋይት ቫለንታይን» በተባለው ፊልም ብቅ አለች። በኋላም በዶንጉክ ዩኒቨርሲቲ ቴአትርና ፊልም አጥንታለች። አገሩ ሁሉ ያወቃት ግን በዚያው በ1999 በቀረበው የሳምሰንግ ማተሚያ ማሽን ማስታወቂያ ነው። ሰው በአእምሮው ይዞት የቀረው የማሽኑን ጥራት ሳይሆን በቴክኖ ሙዚቃ የምትደንሰውን ቀጭን ረጅም ልጅ ነበር።

ኮሪያውያን የቴሌቪዥን ማስታወቂያን «ሲኤፍ» ይሉታል፤ የተለመደው ርዝመቱ 15 ሰከንድ ነው። በ15 ሰከንድ ውስጥ ታሪክ አይነገርም። የሚቻለው አንድ ፊት፣ አንድ እንቅስቃሴና አንድ ስሜት ማሳየት ነው። ያ ፊት በየድራማው መግቢያና መውጫ ላይ ሲመላለስ ተዋናይቷ አንድም ፊልም ሳትሸጥ ቤተኛ ትሆናለች። ክፍያውም ለሥራው ቀናት ብዛት ሲታይ ከድራማና ከፊልም ይልቃል። ግን ዋጋ አለው። የማስታወቂያ ውል አብዛኛውን ጊዜ ክብርን የመጠበቅ ግዴታ ይዞ ይመጣል፤ ገጽታዋን የሚያጎድፍ ነገር ከተፈጠረ ገንዘብ መመለስና ካሣ መክፈል ይከተላል። ስለዚህ ኤጀንሲዎች ክፉ፣ አስቀያሚ ወይም ግራ የሚያጋባ ገጸ ባሕርይ ያለበት ስክሪፕት ሲቀርብላቸው ሁለቴ ያስባሉ። ይህችን ነጥብ ይያዟት፤ የሚቀጥለው መልስ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «ማይ ሳሲ ገርል» በ2001 ወጥቶ እስያን አዳረሰ። ከዚያ እስከ 2012 ድረስ ምን ነካት? ጠፍታ ነበር እንዴ?

መልስ፦ አልጠፋችም፤ ስትሠራ ነበር። ስለ እሷ ብዙ የሚያስጠይቀው ግን ይኸው ዘመን ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንየው።

በመጀመሪያ ፊልሙ ምን እንዳደረገ እንመልከት። ዳይሬክተሩ ክዋክ ጄ-ዮንግ ነው፤ መነሻው አንድ ወጣት ስለ ፍቅረኛው በኢንተርኔት የጻፋቸው ትረካዎች ናቸው። ልጅቷ በመላው ፊልም ስም የላትም፤ «እሷ» ብቻ ናት። መግቢያው ላይ ያለውን የምድር ባቡር ትዕይንት ያስታውሱ። ጥንብዝ ብላ ሰክራ ከሐዲዱ አፋፍ ላይ ትወዛወዛለች። ባቡሩ ውስጥ ከገባች በኋላ አንዱን ወጣት ለአረጋዊ ወንበር ባለመልቀቁ ትቆጣዋለች፤ ሮዝ ልብስ እንዳይለብስም ታዘዋለች። ቀጥሎ ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጸጉር ላይ ታስመልስና ቻ ቴ-ህዩን ወደሚጫወተው፣ ጨርሶ ወደማታውቀው ልጅ ዞራ «ውዴ» ብላው ትዘረራለች። ተሳፋሪው ሁሉ በልጁ ላይ ያፈጣል። እሱም አፍሮ ይሸከማታል።

በዚያ ትዕይንት ዓይኖቿን ልብ ብለው ይዩ። ለመቆንጀት የምትሞክርበት አንድም ቅጽበት የለም፤ ጉንጯ ያበጠ፣ እይታዋ የፈዘዘ፣ ምላሷ የተሳሰረ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በ15 ሰከንድ ዳንስ የሚያውቃት ተመልካች ይህን ሲያይ ደነገጠ፤ ወደዳትም። ኋላ ላይ ኃይለኝነቷ የሐዘን መሸፈኛ መሆኑ ሲገለጥ ደግሞ አለቀሰ። ፊልሙ በአገር ውስጥ ከ4.8 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ። እሷም በ2002 ግራንድ ቤል በተባለው የኮሪያ የፊልም ሽልማት የምርጥ ሴት ተዋናይ ሽልማትን ወሰደች። ገና 20 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ያንኑ እንድትደግም ፈለገ። ማስታወቂያ አሠሪዎች ረጅም ጸጉሯንና ያንን ድፍረቷን ገዙ፤ ተመልካቹም በየፊልሙ «ኃይለኛዋን ልጅ» መፈለግ ጀመረ። በ2003 «ዘ አንኢንቫይትድ» በተባለው ጨለምተኛ የአስፈሪ ፊልም ውስጥ እየተራመደች ሳለ እንቅልፍ የሚጥላትን፣ ሰው የማያየውን የምታይ ሴት ሆና ሠራች። በእኛ አስተያየት ከወጣትነት ሥራዎቿ ሁሉ የተዋጣው ይኸኛው ነው። ሳቅ ፈልጎ ትኬት የቆረጠው ሰው ግን በረዶ ሆኖ ወጣ። በ2004 «ዊንድስትራክ» ላይ ወደ ክዋክ ጄ-ዮንግ ተመልሳ ፖሊስ ሆነች፤ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ቻ ቴ-ህዩን ራሱ ብቅ ይላል። ጃፓን ውስጥ ጥሩ ሄዷል። በአገሯ ግን «ረጅም ማስታወቂያ ይመስላል» የሚል ወቀሳ ደረሰበት፤ ወቀሳው ልክ ነው ብለን እናምናለን። ብዙዎቹ ትዕይንቶች ለታሪኩ ሳይሆን ለፊቷ የተቀረጹ ናቸው።

በ2006 «ዴዚ»ን ኔዘርላንድስ ሄዳ ከሆንግ ኮንጉ ዳይሬክተር አንድሪው ላው ጋር ሠራች። በ2008 «ኤ ማን ሁ ዎዝ ሱፐርማን» ላይ በሥራዋ የተሰላቸች የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ሆና ከህዋንግ ጁንግ-ሚን ጋር ተጣመረች። በ2009 «ብለድ፦ ዘ ላስት ቫምፓየር»፣ በ2011 ደግሞ በዌይን ዋንግ የተዘጋጀው «ስኖው ፍላወር ኤንድ ዘ ሲክሬት ፋን» ተከተሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለዓለም ገበያ የታሰቡ ነበሩ፤ ገበያው ግን አልተቀበላቸውም።

ምን ተበላሸ? አንደኛ፣ የምትሠራው በአማካይ በሁለት ዓመት አንድ ፊልም ነበር፤ ስለዚህ አንድ ውድቀት ሁለት ዓመት ሙሉ ይወራበታል። በዓመት ሦስት የሚሠራ ተዋናይ ግን ውድቀቱን በሚቀጥለው ሥራ ያስረሳል። ሁለተኛ፣ በየፊልሙ ክብደቱን የምትሸከመው እሷው ነበረች፤ ፖስተሩም ወሬውም እሷ ብቻ። ሦስተኛውና ዋነኛው ድምፅ ነው። የጁን ትልቁ መሣሪያ የንግግሯ ምት ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ዝቅ አድርጋ ትጀምርና ድንገት ቁጣ ታደርገዋለች፣ ወይም ቁጣውን መሐል ላይ ትታ ልመና ታደርገዋለች። ይህ በእናት ቋንቋ እንጂ በተጠና እንግሊዝኛ አይሠራም። በ2009ኙ ፊልም ሰይፍ ይዛ ትዘላለች፣ ትቆርጣለች፤ ስትናገር ግን መሣሪያዋን ተነጥቃለች።

ጥያቄ፦ በ«ዘ ቲቭስ» ተመልሳ መጣች ሲባል «13 ሚሊዮን ገባ» ይላሉ። ዶላር ነው ዎን?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም፤ ሰው ነው። በኮሪያ የፊልም ስኬት የሚለካው በተሸጠ ትኬት ብዛት ነው። የአገሪቱ የፊልም ምክር ቤት የሲኒማ ቤቶችን ሽያጭ በኮምፒውተር መረብ አገናኝቶ በየቀኑ ይፋ ያደርገዋል። 10 ሚሊዮን ትኬት ያለፈ ፊልም ልዩ ክብር አለው፤ የሕዝቡ ቁጥር 51 ሚሊዮን አካባቢ መሆኑን ሲያስቡ ክብደቱ ይገባዎታል። የቆዩ ፊልሞችን ሲያነጻጽሩ ግን ይጠንቀቁ። መረቡ አገሩን ሙሉ ከመሸፈኑ በፊት የወጡ ፊልሞች ቁጥር ግምት ነው፤ አንዳንዴም የሚጠቀሰው የሴኡል ከተማ ብቻ ነው። የ2001ን ቁጥር ከ2012 ጋር እኩል አስቀምጦ ማወዳደር ያሳስታል፤ በመካከሉ ብዙ አዳራሽ ያላቸው ሲኒማ ቤቶች በየቦታው ተስፋፍተዋል።

አሁን ወደ ፊልሙ። «ዘ ቲቭስ» በጁላይ 2012 ወጥቶ 13 ሚሊዮን ገደማ ትኬት ሸጠ። የዳይሬክተር ቾይ ዶንግ-ሁን ሥራ ነው፤ ከኮሪያና ከሆንግ ኮንግ የተሰባሰቡ ሌቦች ማካው ውስጥ ካለ ካዚኖ አልማዝ ሊሰርቁ ይነሣሉ። ጁን በገመድ ሕንፃ የምትወጣዋን የኒኮልን ትጫወታለች። ተሳዳቢ፣ ገንዘብ ወዳድ፣ ለማንም የማታዝን ልጅ ናት።

ስሌቱን ይመልከቱ። ኪም ዩን-ሶክ፣ ኪም ህዬ-ሱ፣ ሊ ጁንግ-ጄ በፊልሙ አሉ፤ ፊልሙ ቢወድቅ ተጠያቂዋ እሷ ብቻ አይደለችም። የምትታይባቸው ደቂቃዎች ያንሳሉ፤ እያንዳንዷ ንግግር ግን ትናከሳለች። ኃይለኛዋን ልጅ ሳትክድ አሳደገቻት። በዚያው ዓመት በኤፕሪል አግብታ ነበር። በኮሪያ ማስታወቂያ ዓለም ያገባች ተዋናይት ዋጋዋ ይቀንሳል ተብሎ ሲፈራ ኖሯል፤ እሷ ግን ከሠርጓ ሦስት ወር በኋላ የዓመቱን ትልቅ ፊልም ይዛ መጣች።

በ2013 «ዘ በርሊን ፋይል» ቀጠለ፤ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አየው። በርሊን ባለው የሰሜን ኮሪያ ኤምባሲ አስተርጓሚ ናት፤ አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሰሜኑ ቅላጼ ትናገራለች። ቀልድ የለም። በ2015 ደግሞ በድጋሚ ከቾይ ዶንግ-ሁን ጋር «አሳሲኔሽን» መጣና ከ12.7 ሚሊዮን አለፈ። ታሪኩ በ1933 ነው፤ ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን። ጁን በመነጽር የምታነጣጥረውን የነፃነት ተዋጊ አን ኦክ-ዩንን እና መንትያዋን፣ በምቾት ያደገችውን ሚትሱኮን ትጫወታለች። ከሊ ጁንግ-ጄ ጋር በ2000 «ኢል ማሬ» ላይ በደብዳቤ የሚፋቀሩ ጥንዶች ነበሩ፤ በ«አሳሲኔሽን» ጠላቶች ናቸው። «ስኩዊድ ጌም» ላይ ያያችሁት ተዋናይ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ማይ ላቭ ፍሮም ዘ ስታር» ያን ያህል የገነነው ለምንድን ነው? ታሪኩ ከሌላ ዓለም የመጣ ወንድና የፊልም ተዋናይት ፍቅር ነው፤ ሌላ ምን አለው?

መልስ፦ ታሪኩ ሲነገር ቀላል መምሰሉ እውነት ነው። ድራማው በኤስቢኤስ ከዲሴምበር 18 ቀን 2013 እስከ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2014 ረቡዕና ሐሙስ ቀረበ፤ 20 ክፍል ታቅዶ አንድ ተጨምሮበት 21 ሆነ። የመጨረሻው ክፍል በኒልሰን የተመልካች ልኬት ከመቶ 28.1 ደረሰ። ጁን ለ14 ዓመታት ያህል ከቴሌቪዥን ድራማ ርቃ ነበር፤ ይህ ብቻውን ሰው ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። የሚያቆየው ግን ጽሑፉ ነው። ደራሲዋ ፓርክ ጂ-ኡን ናት፤ በኋላ «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ»ን እና «ኩዊን ኦፍ ቲርስ»ን የጻፈችው።

ደራሲዋ ያደረገችው ይህ ነው፦ በማስታወቂያ የገነነችን ተዋናይት፣ በማስታወቂያ የገነነች ተዋናይት አድርጋ ጻፈቻት። ቾን ሶንግ-ዪ በየሕንፃው ፖስተሯ የተሰቀለ፣ ትወናዋ የሚታማ፣ ሰው ሁሉ አላዋቂ ናት የሚላት ኮከብ ናት። መጀመሪያው ክፍል ላይ ሞካ ቡና እየጠጣች «ሙን ኢክ-ጆም የሞካን ዘር ደብቆ ያመጣልን ለምን እንደሆነ ገባኝ» ብላ በማኅበራዊ ሚዲያ ትለጥፋለች። ሙን ኢክ-ጆም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከቻይና የጥጥ ዘር ደብቆ ወደ ኮሪያ አስገባ የሚባልለት ሰው ነው። ጥጥ በኮሪያኛ «ሞክዋ» ነው። በኮሪያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን ታሪክ ከቡና ጋር አምታታችው! በትርጉም ጽሑፍ ብቻ የሚያይ ሰው ቀልዱ ሳይገባው ያልፋል፤ ኮሪያ ውስጥ ግን አገር ሳቀ። ጁን ያንን መስመር ስትጽፍ ፊቷ ላይ ያለው የሊቅ ኩራት ነው ቀልዱን ያደመቀው።

በድራማው ጥንዷ ኪም ሱ-ህዩን ነው። በ«ዘ ቲቭስ» ውስጥ የኒኮልን የሚወዳት ልጅ እሱ ስለነበር አብሮ የመሥራት ምቱን ከዚያ ይዘውት መጥተዋል።

ስለ አሠራሩ ደግሞ ይህን ይወቁ። በዚያ ዘመን የኮሪያ ድራማ በሳምንት ሁለት ክፍል፣ እያንዳንዱም አንድ ሰዓት ገደማ ይቀርብ ነበር፤ ጥቂት ክፍሎች አስቀድመው ተቀርጸው የቀረው ከስርጭቱ ጋር እየተሯሯጠ ይሠራል። ስክሪፕቱ በቁርጥራጭ ገጽ በቀረጻው ቀን የሚደርስበት ጊዜ አለ። ጥቅሙ ደራሲዋ የተመልካቹን ስሜት እያየች መጻፏ ነው፤ ጉዳቱ የተዋናዩ እንቅልፍ ማጣትና የመጨረሻ ክፍሎች መላላት። ከ2018 ጀምሮ የሥራ ሰዓትን በሳምንት 52 የገደበው ሕግና ሙሉውን ቀርጸው የሚያወጡ የኢንተርኔት ኩባንያዎች መምጣታቸው ይህን ልማድ በጣም ቀንሶታል።

በድራማው የሚታዩት ልብስና ሊፕስቲክስ? በኮሪያ ቴሌቪዥን ምርትን ድራማ ውስጥ ማሳየት በሕግ የተፈቀደው በ2010 ነው፤ ምልክቱ ከስክሪኑ አንድ አራተኛ እንዳይበልጥ ገደብ ተጥሎበት። ገጸ ባሕርይዋ ራሷ የማስታወቂያ ኮከብ ስለሆነች ቦርሳ ብትይዝ፣ ቀለም ብትቀባ ከታሪኩ አይወጣም። ለዚህ ነው ሌላ ድራማ ላይ የሚያስጠላው ነገር እዚህ ያልታወቀው። ደስ ያላት ወይም በረዶ የጣለ ቀን የምትመኘው የተጠበሰ ዶሮና ቢራም ቻይና ውስጥ ሰው ዶሮ ቤት ደጃፍ እንዲሰለፍ አድርጓል።

ጥያቄ፦ በ2014 «ዴሳንግ» አገኘች ይላል። ከምርጥ ተዋናይ ሽልማት ይበልጣል?

መልስ፦ ይበልጣል። «ዴሳንግ» ታላቁ ሽልማት ማለት ነው፤ ለወንድም ለሴትም፣ አንዳንዴም ለድራማው ራሱ ይሰጣል። እሷ በ2014 ሁለት አግኝታለች፤ በቤክሳንግ የቴሌቪዥን ዘርፍና በኤስቢኤስ የዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት። ሁለቱ እኩል አይደሉም። የኤስቢኤሱን ጣቢያው ለራሱ ድራማዎች የሚሰጠው ነው፤ ቤክሳንግ ግን በ1965 የተጀመረ ሲሆን የሁሉንም ጣቢያዎች ሥራ ያወዳድራል። በ2015 በ«አሳሲኔሽን» ያገኘችው ግራንድ ቤልም የራሱ ታሪክ አለው። አዘጋጆቹ ላልተገኘ ሰው ሽልማት አንሰጥም ብለው በማስታወቃቸው ለምርጥ ተዋናይነት የታጩት በሙሉ ቀሩ፤ የእሷም ሽልማት በሌለችበት ተነገረ። ስለዚህ በሽልማት ብዛት ብቻ ማወዳደር ከፈለጉ፣ ማን ሰጠውና በየትኛው ዓመት የሚለውን አብረው ይዩ።

ጥያቄ፦ ከ2016 ወዲህ ብዙም አትታይም። «ጂሪሳን» ላይስ ለምን ሰው አልወደደውም?

መልስ፦ በ2016 የመጀመሪያ፣ በ2018 ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፤ ክፍተቱ በአብዛኛው ከዚያ ነው። በመካከሉ ከሊ ሚን-ሆ ጋር «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዘ ብሉ ሲ»ን ሠርታ አገር ውስጥ ጥሩ ሄደላት። የቻይና በር ግን ተዘጋባት። ደቡብ ኮሪያ በጁላይ 2016 የአሜሪካ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ በግዛቷ እንደሚተከል ካስታወቀች በኋላ ቻይና በይፋ ሳትናገር የኮሪያ ድራማዎችን ፈቃድ መከልከል ጀመረች። ከሁለት ዓመት በፊት እሷን ያነገሣት ገበያ በፖለቲካ ጠፋ።

«ጂሪሳን» በኦክቶበር 2021 በቲቪኤን ጣቢያ ሲጀምር ሁሉም ነገር ነበረው፤ የ«ኪንግደም» ድራማ ደራሲ ኪም ኡን-ሂ፣ ተዋናይ ጁ ጂ-ሁን፣ በኮሪያ መጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ተራራ። በሁለተኛው ክፍል ከመቶ 10 አለፈና ከዚያ ወዲህ ማደግ አቃተው። ሦስት ነገር ጎዳው። በኮምፒውተር የተለጠፈው የተራራ ገጽታ ዓይን ያስተውለዋል፤ ተዋናዮቹ ላይ ያለው ብርሃን ከኋላቸው ካለው ሰማይ ጋር አይገጥምም። ሁለተኛ፣ ታሪኩ በ2018ና በ2020 መካከል ሲመላለስ ምልክቱ ደካማ ነው፤ የጁን ገጸ ባሕርይ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ካለች 2020፣ ከቆመች 2018 መሆኑን ይዘው ቢያዩ ይቀልዎታል። ሦስተኛ፣ የምግብ ማስታወቂያዎቹ፤ በሕይወት አድን ሠራተኞች መጠለያ ውስጥ ሲገቡ ከታሪኩ ያስወጣሉ። በቾን ሶንግ-ዪ እጅ ያልታየው ነገር እዚህ ጎልቶ ወጣ። ትወናዋን ግን አንወቅስም።

በዚያው ዓመት በጁላይ የወጣው «ኪንግደም፦ አሺን ኦፍ ዘ ኖርዝ» የዚህ ተቃራኒ ነው። 92 ደቂቃ ነው፤ ግማሽ ያህሉ በሕፃኗ አሺን የተያዘ ነው። ጁን ስትገባ ከአንደበቷ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ነገር በቀስቷ፣ በትከሻዋና በማይንቀሳቀስ ፊቷ ይነገራል። በንግግር ምት የታወቀች ተዋናይት ያንን ትታ ስትሠራ ማየት ትልቅ ነገር ነው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በዲዝኒ ፕላስ «ቴምፐስት» ላይ የቀድሞ የተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር ሆና ከጋንግ ዶንግ-ዎን ጋር መጥታለች፤ 9 ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ አንድም ሥራዋን አላየሁም። ከየት ልጀምር? የትርጉም ጽሑፍ ብቻ ይበቃኛል?

መልስ፦ በወጡበት ቅደም ተከተል አይጀምሩ። መጀመሪያ «ማይ ሳሲ ገርል»ን፣ ወዲያው «ዘ ቲቭስ»ን ይዩ፤ 11 ዓመቱ በአንድ ምሽት ይታይዎታል። ቀጥሎ «ማይ ላቭ ፍሮም ዘ ስታር»ን ይውሰዱ፤ የተዋናይቷን ዝና ካላወቁ የቾን ሶንግ-ዪ ቀልድ ግማሹ ስለሚያመልጥ ነው ወደ ሦስተኛ ያስቀመጥነው። «አሳሲኔሽን» እና «አሺን» ይከተሉ። «ዘ አንኢንቫይትድ»ን ጨለማ ፊልም የሚችሉ ከሆነ ብቻ፤ በሕፃናት ላይ የሚደርስ ነገር ስላለበት ለቤተሰብ አይሆንም። የ2009ኙንና የ2011ዱን ቢዘሉ ብዙ አይቀርብዎትም።

የትርጉም ጽሑፍን በተመለከተ፣ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሻለ ዕድል አለው። ኮሪያኛም እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለይ ቋንቋ ነው፤ ልዩነቱ በግሡ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ዓረፍተ ነገሩ «ዮ» ወይም «ኒዳ» ብሎ ካለቀ አክብሮት ነው፤ ያ ከጠፋ «አንተ» ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል። ኃይለኛዋ ልጅ ልጁን በየደቂቃው የምታስፈራራበት ቃል «ጁግልሌ» ነው፤ በእኛ «መሞት አማረህ እንዴ?» እንደማለት ነው። ለማታውቀው ወንድ፣ በአደባባይ፣ በ«አንተ»። በ2001 ሲኒማ ቤት የነበረውን ሰው ያስደነገጠው ይህ ነበር። «አሳሲኔሽን»ን ሲያዩም ጆሮዎን ይስጡ፤ ተዋጊዋ አን ኦክ-ዩን አጭርና ደረቅ፣ መንትያዋ ሚትሱኮ ለስላሳና የተመቻቸ አነጋገር አላቸው። ወደ መጨረሻው፣ አንዷ በሌላዋ ቦታ የሙሽራ ልብስ ለብሳ ስትቆም፣ ፊቱ ያው ፊት ነው፤ የትኛዋ እንደሆነች የሚያስታውቀው አተነፋፈሷ ነው።